«ላክ» የሚለው ሲደበዝዝ

የትምህርት ቤቱ ፕሮግራመር ፎቅ ላይ ባለው ቢሮዋ «ላክ» የሚለውን ቁልፍ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ተጫነችው። ገጹ ወዲያው «ተመዝግበዋል፣ እናመሰግናለን» አለ።

«ይኸው ይሠራል እኮ፣ ጋሼ!»

የማታው ክፍል መምህር ኮታቸውን ሳያወልቁ አጠገቧ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። «አንቺ ጋማ ይሠራል» አሉ። «አየሽ ልጄ፣ ሰው ነው የጠፋው። መማር የሚፈልግ የለም፣ በቃ። ዳይሬክተሩም እውነታቸውን ነው።»

ዳይሬክተሩ ጠዋት ቁርጡን ነግረዋቸዋል። የጎልማሶች ክፍል ዛሬ ማታ ሊጀምር ነበር፤ የተመዘገበው ሰው ግን በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ስለሆነ ተዘግቷል። መምህሩ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ክፍል ነው። የመመዝገቢያውን ገጽ የሠራችው ደግሞ እሷ ናት። ዘንድሮ ወረቀት ይቅር፣ ሁሉም በየስልኩ ይመዝገብ ብላ ዳይሬክተሩን ያሳመነችውም እሷው ናት።

«እኔ ጋ ይሠራል» የፕሮግራመር ሁሉ መሐላ ነው፤ እሷም ሳምንቱን ሙሉ ስትምል ሰንብታለች። አሁን ግን የሽማግሌውን ትከሻ ወርዶ ስታይ መሐላው አላስተማመናትም። በሌላ ስልክ፣ በሌላ የድረ ገጽ መክፈቻ ብራውዘር መሞከር አለባት። የመምህሩ ስልክ እንደሆነ ከመደወል ሌላ ሙያ የለውም። እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ከስልኩ ጋር አብሮ ከመጣው ብራውዘር ሌላ ነክታ አታውቅም።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ሞክሪልኝ። የትምህርት ቤታችንን መመዝገቢያ ክፈቺና...»

«እሱንማ ሞልቼ ልኬ የለም እንዴ!»

«ምኑን?»

«ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ልጨርስ ብዬ ነዋ። እንዳትስቂብኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

ልጅቱ ክው አለች። የተመዘገቡትን ስም ወደ ላይ ወደ ታች አየች፤ እናቷ የለችበትም።

«እማ፣ መመዝገብሽን በምን አወቅሽ?»

«ተጫንኩት፣ ደበዘዘ። ገባ ማለት አይደል? ለጎረቤቶቼም እንደዛው ነው ያሳየኋቸው።»

ጉዱ ወጣ። ችኩል ሰው ደጋግሞ እየተጫነ እንዳያስቸግር፣ «ላክ» አንዴ ከተነካ ደብዝዞ እንዲዘጋ ያደረገችው ራሷ ናት፤ በዚህ ብልጠቷም ኮርታ ነበር። የእሷ ብራውዘር መጀመሪያ ይልክና ከዚያ ይዘጋዋል። የእናቷ ደግሞ ቀድሞ ይዘጋውና መላኩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ለዚህ ነው ማንም ደውሎ ያላማረረው፤ ሁሉም ተመዝግቤያለሁ ብሎ ደስ ብሎት ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ፣ ሰው አልጠፋም» አለች ወደ መምህሩ ዞራ። «እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው።»

መምህሩ የተናገረችው አልገባቸውም። እሷም ለማስረዳት አልቆመችም፤ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ ቁልፉን የምትዘጋውን ያቺን ጉደኛ የኮድ መስመር ማጥፋት ጀመረች። «አሁን የት ነሽ፣ እማዬ?»

«የት እሆናለሁ፣ በራችሁ ላይ ነኛ! ዘበኛው ዛሬ ትምህርት የለም ብሎ አላስገባን አለ።»

እጇ ቆመ። «አላስገባን? ከማን ጋር ነሽ?»

«እኔ ሁሉንም የት አውቃቸዋለሁ! ሰልፉ አጥሩን ዞሯል።»

ድምፁን ለመምህሩ ከፍ አደረገችላቸው። ከእናቷ ኋላ ጫጫታ ይሰማል። አንዷ «ደብተር ገዝተን መጥተን!» እያለች ከዘበኛው ጋር ትሟገታለች፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ደግሞ መምህሩ ይጠሩልን ይላል።

መምህሩ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

«ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ለዳይሬክተሩ...» ብላ ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው። ሽማግሌው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ይወርዳሉ፤ ድምፃቸው ከታች ኮሪደሩን ሞልቶ ተሰማ።

«ወንበር! ከሌሎቹ ክፍሎች ወንበር አምጡ!»