ሁለተኛው ግብዣ

አውቶቡሱ የገሳይን ከተማ እንዳለፈ ውቢት የስንቋን ሳህን ክዳን ከፈተች። በጨውና በበርበሬ የታሸ የጉና ድንች ነበር፤ ገና ትኩስ። «እንብላ» ብላ ከጎኗ ለተቀመጠችው ፈረንጅ ዘረጋችላት። ፈረንጇ ፈገግ ብላ በእጇ «ይቅርብኝ» አለች።

ውቢት ሳህኑን አልመለሰችም። ቤይሩት በሠራችባቸው ዓመታት፣ በመጀመሪያው የዕረፍት ቀኗ፣ ባሕሩ አጠገብ አንዲት የማታውቃቸው አሮጊት ዘይት የጠገበ ትኩስ ቂጣ ቆርሰው ዘርግተውላት ነበር። እንደ አገሯ ወግ አንዴ «ጠግቤያለሁ» አለችና ደግመው እስኪሏት ጠበቀች። ደጓ አሮጊት ግን ቃሏን አምነው ቂጣውን ጠቀለሉት። ያ ሽታ ይኸው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዋ አልጠፋም።

«ኧረ በሞቴ!» አለቻት ፈረንጇን፣ ሳህኑን ይበልጥ እያስጠጋች። ሴትዮዋ ስቃ አንድ ድንች አነሳች። በርበሬው ዓይኗን አስለቀሳት፤ ቢሆንም ደገመች፣ ሠለሰችም። ከዚያ ከቦርሳዋ ካገሯ የመጣ ብስኩት አወጣችና ለውቢት ዘረጋችላት።

«ጠግቤያለሁ» አለች ውቢት፣ እንደ ልማዷ። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ደነገጠች።

የፈረንጇ እጅ ግን አልታጠፈም።

«በሞቴ» አለች፣ በተኮላተፈ አፍ።