ስድስት ሰዓት ሲሞላ

ማናልሞሽ ካረፈች ወዲህ ኮምፒውተሯን የነካው አልነበረም። ባሏ ጥበቡም ዛሬ የከፈተው ሥራ ሆኖበት ነው፤ ሁለቱም በሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ያለው ኮምፒውተር ሁሉ ሰዓቱን ከአንድ ሰርቨር እንዲወስድ ፕሮግራም ሲጭን አርፍዶ የሷን ለመጨረሻ አቆየው። ሌሎቹ ለአሥራ ሁለት ጥቂት ጉዳይ ሲሉ የሷ ለስድስት ጥቂት ጉዳይ ይላል። "ፀሐይ አናቴ ላይ ቆማ አሥራ ሁለት የሚለኝን ሰዓት አላምንም!" ብላ በሐበሻ አቆጣጠር ሞልታው ነበር። ስንቴ ተጨቃጭቀውበታል!

"አስተካክል" የሚለውን ሊጫን ጣቱን እንዳነሣ ስድስት ሰዓት ሞላ። ኮምፒውተሩ ጮኸ፤ ስክሪኑ መሀል ማናልሞሽ ለራሷ የጻፈችው ማስታወሻ ብቅ አለ፦ "ጥበቡን ለምሳ ጥሪው። ካልጠሩት አይበላም።"

ጣቱን ሰበሰበ። በየቀኑ በሩ ላይ ቆማ "ኧረ ተነሥ፣ እኔን ራበኝ!" ስትለው እውነት የራባት ይመስለው ነበር።

"አለቀ?" አለው ኃላፊው በበሩ ብቅ ብሎ።

ጥበቡ ሰርቨሩ ሰዓቷን እንዳይነካው የኔትወርኩን ገመድ ከኮምፒውተሯ ቀስ አድርጎ ነቀለ።

"አዎ ጋሼ፣ አልቋል" አለ። "ምሳ ልበላ ነው።"