በወንዛዬ ፍል ውኃ የተቋረጠው ስብከት

ሦስት ዓመት ያላነጋገርኩት ታላቅ ወንድሜ በሰማያዊ ቁምጣ፣ እስከ አንገቱ ፍል ውኃ ውስጥ ገብቶ ከፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

ተመልሼ እንዳልወጣ አንድ እግሬን ነክሬያለሁ። ጉልበቴ አስቸግሮኝ ከደብረ ታቦር ወንዛዬ ድረስ የመጣሁትም ለዚሁ ውኃ ነው። እንፋሎቱ ይሸፍነኛል ብዬ ቀስ ብዬ እገባና ጥጉን እይዛለሁ።

ገንዳው ውስጥ ሰባት ወንዶች ነን። ወንድሜ ሞላ ዓይኑን ጨፍኗል። አንድ ሽማግሌ፣ "ወዲህ ጠጋ በሉ፣ እዚህ ይሞቃል" ይሉኛል።

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ" እላለሁ። በዚህች ሦስት ቃል ጉድ ይፈላል።

"ይህን ድምፅማ አውቀዋለሁ!" ይላሉ ሽማግሌው። "ሰባኪው መምህር ተስፋነህ አይደሉም? እኔ ባዩ እባላለሁ፣ ካንበሳሜ ነኝ። ልጆቼ ስብከትዎን በስልክ ሲከፍቱ ቤቱ ጸጥ ነው የሚል።"

የሞላ ዓይን ይገለጣል። ያየኛል። መልሶ ይጨፍናል።

እውነቱን ለመናገር ድምፅ ተሰጥቶኛል። ማይክራፎን ቢበላሽ እንኳ ጉባኤ አይበተንብኝም። ይህን ሁሉ ሰው ያስለቀሰው አንደበቴ ግን ሞላን "እንደምን ዋልክ" ማለት ሦስት ዓመት ሙሉ አቅቶታል።

የተጣላነው በስንዴ ነው። ሞላ በሬ ረግጦት እግሩ ተሰብሮ በተኛ ጊዜ፣ ሰብሉ ደርሶ ሰማዩ ጠቆረበት። "ሁለት ቀን መጥተህ እጨድልኝ" ብሎ ላከብኝ። እኔ ደግሞ ይፋግ ላይ ጉባኤ ነበረኝ። ማስታወቂያው ተለጥፏል አልኩና ሄጄ ስለ ፍቅር ሰበክሁ። ያን ስብከት ጎረቤቱ በስልክ ከፍቶለት፣ ሞላ አልጋው ላይ እንደተኛ እስከ መጨረሻው ሰማው። በማግሥቱ መልእክት ላከ፦ "ስብከትህ ጥሩ ነበር። ስንዴው ግን አልሰማህም።"

አገር ሳቀብኝ። እኔም ኮረፍኩ። በዳዩ ኮርፎ፣ ተበዳዩ ዝም ብሎ፣ ሦስት ክረምት አለፈ።

"እስቲ መምህር፣ እዚሁ እንዳለን አንድ ቃል ያሰሙን" ይላሉ አባባ ባዩ። ሌሎቹም ውኃውን እያንቦጫረቁ ይጠጋሉ።

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ድምፄ እንዴት እንደሚያምርበት ገና ሳልጀምር አውቄዋለሁ።

"ጳውሎስ ምን ያስተምረናል?" ብዬ እነሳለሁ። "በመላእክት ቋንቋ ብንናገር፣ የተሰወረውን ሁሉ ብናውቅ፣ ተራራ የሚነቅል እምነት ቢኖረን…" ድምፄ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ለራሴም ደስ ይለኛል።

"ጸናጽሉን ዘለልከው" ይላል ሞላ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"የቱን?"

"ፍቅር የሌለውን፣ ባዶውን የሚጮኸውን። ይፋግ ላይ ከመላእክቱ ቀጥሎ ነበር።"

ሰዎቹ ይስቃሉ። እኔም ሳላስበው ሳቅ ያመልጠኛል። ከዚያ ስብከቱን ትቼ ወደ ሞላ እዞራለሁ።

"እሱ እኔ ነኝ" እላለሁ።

ያ ሁሉ ንግግር የት እንደገባ እንጃ፤ እንደ ሕፃን እንተባተባለሁ። "አያ… መምጣት ነበረብኝ። ስንዴው… ስንዴውስ ምን ሆነ?" ሦስት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁትም።

"እኩሌታውን ዝናብ መታው። እኩሌታውን ጎረቤት በደቦ አነሳልኝ።" ዓይኑን ይገልጣል። "ስንዴስ በዓመቱ ይመለሳል። እኔ ሁለቱን ቀን በሩን ሳይ ነው የዋልኩት።"

ውኃውን እየገፋሁ፣ እያነከስኩ ወደ እሱ እሄዳለሁ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ጉልበት ይስማልና እኔም ጉልበቱን ልስም ጎንበስ እላለሁ። ጉልበቱ ውኃ ውስጥ መሆኑ ትዝ የሚለኝ አፍንጫዬ ከጠለቀ በኋላ ነው። እያሳለኝ ስወጣ ሞላ ጀርባዬን በመዳፉ ይደቃል።

"ኧረ ተው! ሰባኪ ገደልክ ሊሉኝ ነው!"

አባባ ባዩ የሳቅ እንባቸውን ይጠርጋሉ። ሞላም እየሳቀ አንገቴን ይዞ ጉንጬን ይስመኛል።

"የዘንድሮው አጨዳ መቼ ነው?" እለዋለሁ።

"ማክሰኞ።"

"እመጣለሁ።"

"ጉባኤ የለህም?"

"አለኝ። እነሱ ሰባኪ አያጡም።"

ቀና ብሎ ያየኛል። "በዚህ ጉልበትህ ምን ልትሠራልኝ?"

"ለአጫጆቹ ጠላ እቀዳለሁ።"

"እሱንስ ዝናሽ አታስነካህም" ይላል ስለ ሚስቱ። "ነዶ ታቀብላለህ።" ይፈርድብኛል፤ እኔም ፍርዱን እቀበላለሁ።

ከውኃው ወጥተን ፀሐይ ላይ፣ የሞቀ ድንጋይ ላይ እንቀመጣለን። ሞላ ዝናሽ የቋጠረችለትን ድልህ የተቀባ እንጀራ ይፈታል። እሱ ያወራል፣ እኔ እሰማለሁ።

"የረገጠህን በሬ ሸጥከው?" እለዋለሁ።

"ለምን ብዬ? እሱ እኮ ገና እግሬ ሳይጠገን መጥቶ እጄን ላሰኝ። የቆየኸው አንተ ነህ።"

ጠቅልሎ ያጎርሰኛል። ጉንጬ ይወጠራል፣ ድልሁ ዓይኔን ያስነባኛል። አላምጬ ሳልጨርስ ሁለተኛውን አፌ ላይ ይደቅናል። መናገር ስላልቻልኩ በእጄ "ቆይ" እለዋለሁ።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ይላል ሞላ፤ እጁን ግን አያወርድም።