የጠፋው ተቃውሞ

የማዘጋጃ ቤቱ ረቂቅ ደንብ ሁለት ገጽ ነበር። ፍሬ ነገሩ ግን በአንድ መስመር ያልቃል፦ ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ሥር የሚሠሩ ሰዎች ይነሡ፣ ቦታው ለእግረኛ ይለቀቅ። ሕዝቡ ሐሳቡን በጽሑፍ እንዲሰጥ ዐሥራ አምስት ቀን ተፈቀደ። አንድ ሰው እንኳ ከተቃወመ ጉዳዩ ለስብሰባ ይቀርባል። የተቃወመ ከሌለ ደንቡ ይጸድቃል።

ከደረጃው ሥር ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ልብስ ሰፊው፣ ቁልፍ ሠሪውና ሬዲዮ ጠጋኙ። ቁልፍ ሠሪው አፍ እንጂ ብዕር አልተሰጠውም። ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ የሚናገረው ሬዲዮው ብቻ ነው። ስለዚህ ተቃውሞውን ልብስ ሰፊው በሦስቱም ስም እንዲጽፍ ተስማሙ። የሰፈሩን ማመልከቻ ሁሉ ሲጽፍ የኖረው እሱ ነው።

የአስተያየት ሣጥኑ ቁልፍ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ያዥ እጅ ነበር። ልብስ ሰፊውን ከልጅነቷ ታውቀዋለች፤ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋላት እሱ ነው። የሱ ስፌት ውስጡ ከውጩ አይለይም ይባል ነበር። በዚያው ሰሞን የኮቷን ኪስ ጠግኖላታል። ያን ቀን መርፌውን ዘርግቶላት፣ «እስቲ ክሩን አስገቢልኝ፤ ሙያሽን ልየው» ብሎ ቀለደባት። አስገባችለት። መነጽር የሰነፍ ነው ባይ ነበር።

በመጨረሻው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተገናኙ። ልብስ ሰፊው የደረጃውን ብረት ይዞ፣ እርከኑን በእግሩ እየፈተሸ ይወጣል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«አንቺ ነሽ እንዴ? ግልግል!» አለና የታሸገ ፖስታ ሰጣት። «በገዛ እጅሽ ክተቺልኝ። ለመሆኑ፣ ስሜ ለሰው ይነበባል?»

«መዝገብ ላይ ይሰፍራል እንጂ ማን ያነበዋል ብለው ነው?»

ሹሞቹን የፈራ መሰላትና አሳዘናት። ፖስታውን ለሁለት አጥፋ ኮቷ ኪስ ከተተችው።

ስልኩ ጮኸ፣ ባለጉዳዩ ተሰለፈ፣ ረሳችው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሣጥኑን ስትከፍት ነው ትዝ ያላት። ሣጥኑ ውስጥ ስለ መንገድ መብራት የሚያማርር አንድ ወረቀት ብቻ አለ። እጇን ኪሷ ሰደደች። ባዶ ነው። ጠረጴዛ ሥር፣ ደረጃው ላይ፣ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ሳይቀር ፈለገች። የለም።

ለአለቃዋ «አንድ ደብዳቤ ጠፍቶብኛል» ብትል ቀኑ ይራዘም ነበር። ግን በማርፈድ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለባት፤ ሦስተኛው ከሥራ ያስወጣል። ዝም አለች። መዝገቡ ላይም «ተቃውሞ አልቀረበም» ብላ በራሷ እጅ ጻፈች።

ማስታወቂያው ሲለጠፍ ቁልፍ ሠሪው ሰፈሩን በጩኸት አናወጠው። «እንዴት አልቀረበም? ጋሼ ጽፎ ሰጥቷል እኮ! ቀደው ጥለውት ነው!»

ልብስ ሰፊው ክንዱን ያዘው። «ተው ወንድሜ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

መዝገብ ያዧ ይህን ሁሉ በመስኮት ታያለች። ከቁልፍ ሠሪው ጩኸት ይልቅ የልብስ ሰፊው ትዕግሥት አንጀቷን በላው።

ሦስቱም ተነሡ። ቁልፍ ሠሪው ከተማ ዳር አንድ ጥግ አገኘ፤ ደንበኛ ግን አላገኘም። ሬዲዮ ጠጋኙ ዘበኛ ሆነ። ልብስ ሰፊው ልጁ ቤት ገባ። ለጠየቀው ሁሉ፣ «መንግሥት ባያስነሣኝ ዛሬም እሰፋ ነበር» ይላል።

መዝገብ ያዧ ይህን በሰማች ቁጥር የሦስት ሰው ጉሮሮ የዘጋሁ እኔ ነኝ ትላለች። በደረጃው በኩል ማለፍ ትታ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረች። ኮቱንም ከዚያን ቀን ወዲህ አልለበሰችውም።

በአራተኛው ወር ለሰው ልትሰጠው ስታጣጥፈው ጠርዙ አልታጠፍ አላት። ገበሩን ተረተረችው። ፖስታው እንደታሸገ ተቀምጧል። ኪሱን ገልብጣ ብታይ፣ ከታች ያለው ስፌት ጨርቁን ስቶ ባዶውን ሄዷል፤ ፖስታው በዚያ ሾልኮ ነው። ይህን በልብስ ሰፊው ማሳበብ ግን ነውር መሰላት። ደብዳቤውን የተቀበልኩት እኔ፣ ዝም ያልኩትም እኔ፣ አለች።

እሑድ ዕለት ወደ ልጁ ቤት ሄደች። ቁልፍ ሠሪውና ሬዲዮ ጠጋኙ ሊጠይቁት መጥተው ነበር። ከበሩ ልትመለስ ቃጣት፤ ከዚያ ሦስቱም ባሉበት ይሻላል ብላ ገባች። ተቀመጪ ብትባል እንቢ አለች። እንደቆመች ሁሉንም ተናገረች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ነገ ለአለቃዬም እናገራለሁ። ከፈለጋችሁ ክሰሱኝ» ብላ ፖስታውን ልብስ ሰፊው ጉልበት ላይ አኖረችው።

ቁልፍ ሠሪው ብድግ አለ።

ልብስ ሰፊው ፖስታውን ዳበሰው። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ማንም አላነበበውም?»

«ማንም ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ። ለአለቃሽም አትናገሪ። በይ አሁን ቅደጂው፤ ያለፈ ነገር ነው።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ቢሰድባት በስንት ጣዕሙ።

«አይቀደድም!» አለ ቁልፍ ሠሪው። ፖስታውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ሰጣት። «ከቦታችን ተነሥተንበታል። ምን ብለን እንደነበር እንኳ እንስማው እንጂ። አንብቢው!»

ልብስ ሰፊው ፖስታውን ሊነጥቃት እጁን ሰነዘረ፤ ከእጇ አንድ ክንድ ርቆ አየር ጨበጠ።

ፖስታውን ከፈተችው። ፊደሎቹ አውራ ጣት ያህላሉ፤ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ጮክ ብላ አነበበች፦

«ረቂቁን እደግፋለሁ፤ ይጽደቅልኝ። ዓይኔ ጠፍቷል፤ መስፋት አቃተው ከምባል መንግሥት አስነሣው ቢባል ይሻለኛል።»