አዲሱ ሶፋ

ጀውሀር በጀርባው ተንጋሎ ከአሠሪያቸው ከመዳም ላንድክሩዘር ሆድ ስር ገብቷል። ሻፍቱን ፈትቶ ከጎኑ አስተኝቶታል። አሁን ደግሞ ዕድሜ አድርቆት ዘይት ማሳለፍ የጀመረውን የዲፈረንሻል ኦይል ሲል፣ ያቺን የጎማ ቀለበት፣ በካቻቢቴ ጫፍ ሊነቅል ይታገላል። የከረመ ዘይት ክፉ ሽታ አለው። ጠብታውም ሌላ መውደቂያ ያጣ ይመስል ግንባሩ ላይ ነው የሚያርፈው።

እሱን ያንገበገበው ግን ዘይቱ አይደለም፤ የሚስቱ ሳቅ ነው።

ሳሊማ በዚህ በጅዳው የጃሚዓ ሰፈር ቤት ስንት ዓመት ሠርታ፣ መዳምን ለምና፣ ባሌ ሹፌርም መካኒክም ነው ብላ ቪዛ አስወጥታ ከኮምቦልቻ ያስመጣችው ገና በቅርቡ ነው። አሁን በግቢው በር ጥላ ስር ቆማ የምታወራው ከጎረቤት ሹፌር ከኢብራሂም ጋር ነው። እናቱ የወሎ ሰው ናት፤ እሱ ግን እዚሁ ጅዳ ተወልዶ ያደገ፣ ዐረብኛው እንደ ውሃ የሚፈስለት ጎረምሳ ነው። መዳም የመኪናውን ዕቃ እንዲገዛ ልካው መመለሱ ነው። ጀውሀር ካለበት ሆኖ የሚታየው አራት እግር ብቻ ነው፦ የሚስቱ ሰማያዊ ሲሊፐርና የኢብራሂም የተወለወለ ነጠላ ጫማ። እግር ብቻ ለሚያይ ሰው የቀረውን ልቡ ይሞላለታል፤ የጀውሀር ልብ ደግሞ ለዚህ ሥራ ሰነፍ አልነበረም።

ሳሊማ በአማርኛ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ነው፤ ድምፅ የለውም። በዐረብኛ ግን ከሆዷ ትስቃለች። ባሏ ይህን ሳቅ የሰማው እዚህ ከመጣ ወዲህ ነው፤ እሱንም ለሌላ ሰው ሲሳቅ።

ጆሮውን አቀና። የእሱ ዐረብኛ ከሰላምታና ከያላ፣ ከኸላስ ብዙ አትርቅም፤ ቀዲም አሮጌ፣ ጀዲድ አዲስ መሆኑን ግን ያውቃል። ኢብራሂም "ሶፋ ቀዲም" ሲል ሰማው። ሳሊማ "ሶፋ ጀዲድ" አለችና ሳቀች።

የምን ሶፋ? እነሱ ጣሪያው ላይ ባለችው ክፍላቸው ያላቸው አንድ ፍራሽ ነው። ታዲያ አሮጌው ሶፋ ወጥቶ አዲሱ የሚገባው በማን ቤት ነው? እዚያ ላይስ ማን ከማን ጋር ሊቀመጥበት? ነገሩን ሲያገላብጥ ቆየና በመጨረሻ አሮጌው ሶፋ እሱ ራሱ ሆኖ ታየው። ካቻቢቴው አዳለጠውና ጣቱን ላጠው።

"ሳሊማ" አለ ከመኪናው ስር። "ሶፋው ለማን ነው?"

ሲሊፐሮቹ ወደ እሱ ዞሩ። "ላንተ ነዋ። ለማን ሊሆን ኖሯል?"

"እኔ ሶፋ አልፈልግም። ፍራሹ ይበቃኛል። ያማረው ሰው ካለ ሄዶ ይቀመጥበት።"

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ሳሊማ ቁጭ እስክትል ሳቀች። ትንፋሿን ስታገኝ፣ እዚህ አገር ኦይል ሲልን ሱፋ እንደሚሉት፣ የሚያወሩትም ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ ኦይል ሲል እንደሆነ ነገረችው። ኢብራሂም ጎንበስ ብሎ በላስቲክ የታሸገች ጥቁር ቀለበት አቀበለው።

"ሶፋ ይሄ ነው፣ ያ አኺ" አለ በተሰባበረ አማርኛው። "መቀመጥ ግን ጠባብ ነው።"

ጀውሀር ተቀበለው። ደስ ሊለው በተገባ ነበር። ግን አሁንም የሳቁት አብረው ነው፤ ያውም በእሱ። ሶፋው ሳይነሳ በፊትስ ምን ነበር የሚያስቃችሁ ብሎ ጠየቀ። ሳሊማ ልትነግረው ጀመረች፦ የዕቃ መሸጫው ሰውዬ እንዲህ አለ፣ ኢብራሂም እንዲህ ብሎ መለሰለት... መሐል ላይ ቆመች።

"ተወው። በአማርኛ አያስቅም።"

ይቺ ከሶፋው ባሰችበት። የሶፋው ነገር ተጣርቶ አለቀ። እሱ በሌለበት፣ በማያውቀው ቋንቋ ስንት ዓመት የሳቀችውን ግን በየትኛው ቁልፍ ይፈታዋል?

"ነይ፣ መብራት ያዢልኝ" አላት።

የተኛበት ካርቶን ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላት። አባያዋን ሰብስባ ገባች። ትከሻዋ ትከሻውን ነካው። አሮጌውን ነቅሎ ጣለና አዲሱን ኦይል ሲል የዲፈረንሻሉ አፍ ላይ አስተካክሎ፣ እንጨት ደግፎ፣ ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታው ጀመር። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አለቀለት፤ መዳም ደግሞ ከአሱር ሰላት በኋላ መካ መሄድ አለባት። በምቱ መሐል ይጠይቃታል። መዶሻ ምን ይሉታል? ሻኩሽ። ዘይትስ? ዘይት ነዋ፣ እሱማ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ጎማስ? ከፈር።

ጀውሀር የተማረውን ሊያሳይ ቃጣው።

"እንግዲህ የኋላውን ከፊል በክሪክ ሰቅዬዋለሁ" አለ ኮስተር ብሎ። "ሥራዬን ስጨርስ አወርደዋለሁ።"

ከፊል ማለት ግን የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ የኢቃማቸው ጌታ፣ የመዳም ባል ናቸው። እኚያ ደረጃ ሲወጡ ሦስቴ የሚያርፉት ወፍራም ሽማግሌ በክሪክ ተሰቅለው ለሳሊማ ታዩዋት። ሳቁ ከሆዷ መጣ። ግንባሯ ከመኪናው ብረት ጋር ተጋጨ፤ መብራቱ ከእጇ ወድቆ ተንከባለለ፤ እሷ ግን አላቆመችም፤ የባሏን ክንድ ይዛ ትንፈራፈራለች።

"ኤሽ ፊ?" አለ ኢብራሂም ከውጭ፤ ምን ተገኘ ማለቱ ነው።

ከዚያ በጉልበቱ ተንበረከከ። ፊቱ ከመኪናው ጠርዝ ስር ተዘቅዝቆ ብቅ አለ፤ ቀልዱን የሚነግረው ሰው እየጠበቀ፣ አስቀድሞ ፈገግ ብሎ።