የተዋሰችው አባት

«አባትየው እርስዎ ነዎት?» ይላል ስልኩ ባንኮኒው ላይ ሆኖ።

ባህረዲን ጭድ ተራ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ የምትሰፋለትን ፋንታዬን ያያታል። እሷ መርፌዋን እንደያዘች አንገቷን ትነቀንቃለች። በላቸው ማለቷ ነው።

ልጇ ሎዛ ዓረብ አገር ስትሄድ፣ የሙስሊም ስም ያላት ቶሎ ሥራ ታገኛለች ብሎ ነበር ደላላው። ወላጅ አባቷ ከሞተ ቆይቷል። «የኔን ስም ትውሰደዋ፣ አያልቅብኝ!» ብሎ ሳቀ ያኔ ባህረዲን። ካሚላ ባህረዲን ተብላ ሄደች።

የሎዛን መርዶ ትናንት የልጅቷ ጓደኛ ደውላ ለፋንታዬ ነገረቻት። ፋንታዬ ልጄ አፈር ሳትቀምስ ለቅሶ አልቀመጥም ብላ፣ ዛሬም ነጠላዋን እንደ ወትሮው ለብሳ መጣች። ስልኩ የሚደወለው ለባህረዲን ነዋ።

«ከቆንስላው ነኝ፣ ጋሼ» ይላል ሰውየው። «ልጅቷ ያለችው ሆስፒታል፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። አባት በቃሉ ከፈቀደ ዛሬውኑ፣ ከዐስር ሶላት በፊት እናስቀብራታለን። አገሯ ትምጣ ካላችሁም እንጠይቃለን፤ ግን ስንት ወር እንደሚፈጅ እንጃ።»

ባህረዲን ስልኩን በመዳፉ ይሸፍናል። «ክርስቲያን ናት ልበለው፣ ፋንትዬ?»

«ተዉ ጋሼ! ከወረቀቱ አልገጠመም ብለው እዚያው ያቆዩብኛል። ብርድ አትችልም እኮ እሷ። ክረምት በመጣ ቁጥር ካልሲ ደርባ ነው የምትተኛው።»

ባህረዲን መዳፉን ያነሳል። «አዎ። አባቷ ነኝ። ቅበሩልኝ። ልጄን...» ለማስመሰል የጀመረው ድምፅ መሐል ላይ የእውነት ይሰበራል።

«አላህ ይዘንላት» ይላል ሰውየው።

ፋንታዬ ተነስታ ወደ ስልኩ ትጠጋለች። «ልጄ፣ ቀብሩ ላይ ትቆማለህ?»

«እቆማለሁ። እርስዎ ማን ነዎት?»

«ጎረቤት ነኝ።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ትይዛለች፤ ትለቀዋለች። «አፈር ሲያለብሷት ወለተ ኪዳን በላት። በሰማንያ ቀኗ የወጣላት ስም ነው። በሆድህ በላት፤ ማንም አይስማህ።»

«ዞር በል! ዞር በል!» እያለ አንድ ተሸካሚ በደጁ ያልፋል።

«ወለተ ኪዳን» ይላል ሰውየው በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «እላታለሁ፣ እናቴ።»

ስልኩ ይዘጋል። ባህረዲን ገዢ ሲመጣ በእጁ ይመልሳል። ፋንታዬ ትሰፋለች፤ ደህናውን ጆንያ ሳይቀር ትሰፋዋለች።

የዐስር አዛን ከአንዋር መስጊድ ይነሳል።

ፋንታዬ ሲባጎውን በጥርሷ ትበጥሳለች። ባህረዲን ጆንያውን ከእጇ ተቀብሎ መሬት ላይ ያነጥፍላታል። እሷ ቆማ ነጠላዋን ታወልቃለች፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ ታዞርና አዘቅዝቃ መልሳ ትለብሰዋለች።