ዘግየት ብሎ የሚገባው ድምፅ

ሁለቱን እህትና ወንድም አብረው ሲዘፍኑ ሠላሳ ዓመት የቀረጽኳቸው እኔ ነኝ። ወንድምየው ሁልጊዜ ከምቱ ዘግየት ብሎ ስለሚገባ፣ ድምፁን በኮምፒውተር ሳብ አድርጎ ከምቱ ጋር ማስገጠም የኔ ፋንታ ነበር። እሱም በማይኩ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ፣ እንድገመው» ይለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ቀበርነው። ዛሬ ጠዋት እህቱ የመጨረሻ አልበማቸውን ብቻዋን ልትጨርስ መጣች። ዘፍና ወጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ እጄ ለምዶበት የዘገየውን ድምፅ ሳብ አድርጌ አስተካከልኩ።

«ጋሼ፣ የማንን ነው የሚያስተካክሉት? የዘፈንኩት እኔ ብቻ ነኝ እኮ» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ከመስታወቱ ማዶ የቀረጻው ክፍል ባዶ ነው፤ ማይኩ ግን አልተዘጋም።

«ጋሼ» አለን ስፒከሩ፣ «ዛሬስ የዘገየችው እሷ ናት።»